ካልኩለስ ከመጀመሬ በፊት ትሪጎኖሜትሪን ከየት ልጀምረው?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። 12ኛ ክፍልን አገር ቤት ከጨረስኩ 9 ዓመት አልፎኛል። ሥራ እየሠራሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ምህንድስና ልማር ነው፤ ኦገስት መጨረሻ ላይ ካልኩለስ አንድ እጀምራለሁ። አልጀብራ ብዙም አያስቸግረኝም። ከትሪጎኖሜትሪ ግን ከሶካቶዋ (ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የትኛው ጎን ለየትኛው ሲካፈል እንደሆነ ከሚያስታውሰው ቃል) ሌላ ትዝ የሚለኝ የለም። አንዲት ጓደኛዬ 40 ያህል ፎርሙላ ያለበት ወረቀት ሰጥታኝ «ሁሉንም በቃልሽ ያዢ» ብላኛለች። ዛሬ የያዝኩት በሦስተኛው ቀን ይጠፋብኛል። 10 ሳምንት አለኝ፤ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ግን አላገኝም። እውነት ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ወረቀቱን ለጊዜው አጥፈሽ አስቀምጪው። ጓደኛሽ በቅንነት ነው የሰጠችሽ፤ ነገር ግን 40 ፎርሙላ መሸምደድ ለካልኩለስ አያዘጋጅም። በሦስተኛው ቀን መጥፋቱም የአንቺ ድክመት አይደለም። ከምንም ጋር ያልተያያዘ ምልክት ማንም ጭንቅላት ውስጥ አይቆይም። በቃልሽ መያዝ ያለብሽ አምስት አይደንቲቲ (የትኛውም አንግል ቢገባበት እውነት የሚሆን እኩልነት) ብቻ ነው። ሌላው ከእነዚህ በሁለት በሦስት መስመር ይወጣል፤ ማውጣቱን የለመደ ተማሪ ደግሞ ፈተና ላይ አንዱ ቢጠፋበት እንኳ አይደናገጥም።

ከፎርሙላ በፊት ግን ሳይንን የምታይበት መንገድ መለወጥ አለበት። ሶካቶዋ የሦስት ማዕዘን ጉዳይ ነው፤ አንድ ጎንና አንድ አንግል ይሰጥሽና ሌላውን ጎን ትፈልጊያለሽ። ካልኩለስ ውስጥ ሳይን ፈንክሽን ነው። የፈለግሽውን ቁጥር ታስገቢበታለሽ፣ ከ−1 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይሰጥሻል። የሚገባው 200 ሊሆን ይችላል፣ −3 ሊሆንም ይችላል። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ደግሞ −3 የሚባል አንግል የለም። ስለዚህ ሶካቶዋን ብቻ ይዞ ካልኩለስ የሚገባ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ ይገባዋል።

ከሦስት ማዕዘን ወደ ፈንክሽን የሚያሻግርሽ ዩኒት ሰርክል ነው። መሐሉ ዜሮ ላይ ያረፈ፣ ሬዲየሱ 1 የሆነ ክብ ሳይ። ከቀኝ ጫፉ ተነሺና ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ በጠርዙ ላይ ሂጂ። የሄድሽው ርዝመት ያው በራዲያን የተለካው አንግል ነው። የቆምሽበት ነጥብ አግድም ቁጥሩ ኮሳይን፣ ሽቅብ ቁጥሩ ሳይን ይባላል። ወደ ኋላ ከሄድሽ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትዞሪም ችግር የለም። ሙሉው ዙር 2ፓይ፣ ማለትም 6.28 ያህል ነው፤ ግማሹ ፓይ ነው። 1 ራዲያን 57.3 ዲግሪ ገደማ ይሆናል።

የሳይንና የኮሳይን ቁጥሮችን ሠንጠረዥ አትሸምድጂ። ሁለት ሥዕል በቂ ነው። ጎኖቹ ሁሉ 2 የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሳይና ከአናቱ መሐል ለመሐል ቁረጪው፤ ግማሹ መሠረቱ 1፣ ረጅሙ ጎኑ 2፣ ቁመቱ √3 ይሆናል። የ30 እና የ60 ዲግሪ ቁጥሮች በሙሉ እዚህ አሉ። ሁለተኛው ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ √2 ነው፣ የ45 ዲግሪው ከዚህ ይወጣል። ከነዚህ ሥዕሎች ክቡ ላይ የሚመላለሱት ሦስት መጠኖች ናቸው፦ 1/2፣ √2/2 እና √3/2። በዴሲማል 0.5፣ 0.707 እና 0.866፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብለሽ ያዣቸው።

አሁን ኮሳይን 5ፓይ/6 ስንት ነው ብትባዪ፣ እንዲህ አስቢ። 5ፓይ/6 ለግማሽ ዙር ፓይ/6 የቀረው ነው። ስለዚህ ነጥቡ በግራ በኩል፣ ለአግድሙ መስመር በጣም ቀርቦ ነው ያለው። ግራ ስለሆነ ኔጌቲቭ፣ ከመሐል በአግድም ሩቅ ስለሆነ ትልቁ ቁጥር፤ −√3/2። ወደ ዲግሪ መለወጥ አላስፈለገም። የ30 እና የ45 ዲግሪ ብዜቶችን ብትሰበስቢ ክቡ ላይ 16 ነጥቦች ይወጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በየቀኑ ባዶ ወረቀት ላይ ክቡን ከነ16 ነጥቦቹ ሳይ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሻል፤ ከ5 ደቂቃ በታች ሲወርድ ደርሰሻል።

«ዲግሪ እያለ ራዲያን ለምን?» ብለሽ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጣቸው ካልኩለስን የሚጨርሱ ተማሪዎች ብዙ መሆናቸው ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። የሳይንን ዴሪቬቲቭ (የግራፉ መስመር በየነጥቡ ያለውን ስሎፕ፣ ማለትም ምን ያህል ሽቅብ ወይም ቁልቁል እንደሚሄድ) ለማግኘት ኤክስን በትንሹ ኤች ትገፊያለሽ፣ ልዩነቱን በኤች ታካፍያለሽ፣ ከዚያም ኤች ወደ ዜሮ ሲጠጋ ምን እንደሚሆን ታያለሽ። ሳይን(ኤክስ + ኤች)ን ለመዘርዘር የድምር አይደንቲቲ ያስፈልግሻል፤ ከታች ከምንዘረዝራቸው አምስቱ ሁለተኛው ነው። ሳይን ኤክስን ቀንሰሽ ስታስተካክይው ይህ ይወጣል፦

ሳይን ኤክስ · (ኮሳይን ኤች − 1) + ኮሳይን ኤክስ · ሳይን ኤች

በኤች ሲካፈል ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፤ (ኮሳይን ኤች − 1)/ኤች እና ሳይን ኤች/ኤች የት ይደርሳሉ? ካልኩሌተርሽን ራዲያን ላይ አድርገሽ ሞክሪው። ኤች 0.1 ሲሆን የመጀመሪያው −0.04996፣ ሁለተኛው 0.9983 ነው። ኤች 0.01 ሲሆን የመጀመሪያው −0.005፣ ሁለተኛው 0.99998 ነው። አንዱ ወደ 0፣ ሌላው ወደ 1 እየሄደ ነው። ስለዚህ የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን ይሆናል፣ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። አሁን ካልኩሌተሩን ዲግሪ ላይ አድርገሽ ሳይን 0.01ን ለ0.01 አካፍይ፤ 1 መሆኑ ይቀርና 0.01745 ይወጣል። ይህም ፓይ/180 ነው። በዲግሪ ብንሠራ ኖሮ ይህ ቁጥር በየዴሪቬቲቩ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ካልኩለስ ራዲያንን የሚመርጠው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካልኩሌተር አንድ ነገር እንበል። በፈተና ቀን ዲግሪ ላይ እንደሆነ ሳያዩ ሙሉ ጥያቄ የሚያበላሹ አሉ። ቲአይ 84 ላይ «ሞድ» የሚለውን ስትጫኚ ራዲያንና ዲግሪ ጎን ለጎን ይመጣሉ። ሌላ ካልኩሌተርም ቢሆን ሳይን 30 ብለሽ ጠይቂው፤ 0.5 ካለሽ ዲግሪ ላይ ነው፣ −0.988 ካለሽ ራዲያን ላይ ነው።

ቀጥሎ ግራፍ ነው፤ ሁለት ሳምንት ስጪው። ዴስሞስ የሚባለው የግራፍ መሣያ ድረ ገጽ በነጻ ይሥልልሻል፣ መጀመሪያ ግን በእጅሽ ሳይ። ግራፍ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቅጣጫ 4 ካሬን 1 አድርጊው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አግድሙን ፓይ፣ 2ፓይ እያለ እንደፈለገ ይከፋፍልና ሽቅቡን በሌላ ልክ ይሠራዋል። ያኔ ስሎፑ እውነተኛ መልኩን ያጣል። በአንድ ልክ ስትሠሪው ፓይ 12 ካሬ ተኩል ያህል ላይ ይወድቃል፣ የሳይን መስመርም ዜሮ ላይ በ45 ዲግሪ ሲነሳ ታያለሽ። ከዚያ ማስመሪያ ወስደሽ መስመሩን እንዲነካ ብቻ አድርገሽ አስደግፊና ስሎፑን ለኪ፤ ዜሮ ላይ 1፣ ፓይ/3 ላይ 0.5 ገደማ፣ ፓይ/2 ላይ 0፣ ፓይ ላይ −1። የለካሻቸውን ቁጥሮች በሌላ ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጊያቸው። የሚወጣው ኮሳይን ነው። ቅድም በአልጀብራ ያገኘሽውን አሁን በማስመሪያ ለካሽው ማለት ነው።

ከግራፍ ውስጥ የሚያሳስተው መግፋት ነው። ሳይን(2ኤክስ − ፓይ/3) ምን ያህል ወደ ቀኝ ተገፋ ቢባል ብዙዎች ፓይ/3 ይላሉ። 2ን አውጪና ሳይን 2(ኤክስ − ፓይ/6) ብለሽ ጻፊው፤ የተገፋው ፓይ/6 ነው። ፊት ላይ ያለው ቁጥር ከፍታውን፣ ከኤክስ ጋር ያለው ቁጥር ድግግሞሹን ይወስናል። 2ፓይን ለእሱ ስታካፍይ አንዱ ዙር የሚፈጀውን ርዝመት ታገኛለሽ።

ወደ አምስቱ አይደንቲቲዎች እንምጣ።

ሳይን²ሀ + ኮሳይን²ሀ = 1
ሳይን(ሀ + ለ) = ሳይን ሀ · ኮሳይን ለ + ኮሳይን ሀ · ሳይን ለ
ኮሳይን(ሀ + ለ) = ኮሳይን ሀ · ኮሳይን ለ − ሳይን ሀ · ሳይን ለ
ሳይን(−ሀ) = −ሳይን ሀ
ኮሳይን(−ሀ) = ኮሳይን ሀ

የመጀመሪያው ፓይታጎረስ ክቡ ላይ ሲሠራ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱም ክቡን ካየሽ ግልጽ ናቸው። እንግዲህ ሽምደዳ የሚባል ነገር ካለ የድምሮቹ ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ታንጀንት ሳይን ለኮሳይን ሲካፈል፣ ሴካንት 1 ለኮሳይን ሲካፈል መሆኑ ትርጉም እንጂ አይደንቲቲ አይደለም። የመጀመሪያውን መስመር በሙሉ ለኮሳይን² አካፍይ፤ ታንጀንት² + 1 = ሴካንት² ወጣ። በለ ቦታ −ለ አስገቢ፤ የመቀነሱ ፎርሙላ ወጣ። በለ ቦታ ራሱን ሀን አስገቢ፤ ሳይን 2ሀ = 2 ሳይን ሀ · ኮሳይን ሀ፣ ኮሳይን 2ሀ = ኮሳይን²ሀ − ሳይን²ሀ ወጣ። በዚህ በኋለኛው ውስጥ ኮሳይን²ን በ1 − ሳይን² ተኪው፤ ኮሳይን 2ሀ = 1 − 2 ሳይን²ሀ ይሆናል፣ ሲገላበጥ ደግሞ ሳይን²ሀ = (1 − ኮሳይን 2ሀ)/2። ይህቺን የመጨረሻዋን ከልብሽ ልመጃት። ሳይን²ን ኢንቴግሬት ለማድረግ (ከግራፉ መስመር በታች ያለውን ስፋት ለማስላት) ዋናዋ መንገድ እሷ ናት። የጓደኛሽን ወረቀት ከመሳቢያ የምታወጪው እዚህ ሳምንት ላይ ነው፤ አንድ ፎርሙላ መርጠሽ ከአምስቱ ለማውጣት ሞክሪ፣ ስትጨርሺ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ። ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ ወረቀት ነው።

አይደንቲቲ ያልሆነውን ማወቅም የዚያኑ ያህል ይጠቅማል። ሳይን 2ኤክስ ማለት 2 ሳይን ኤክስ አይደለም። ሳይን(ኤክስ + ኤች)ም ሳይን ኤክስ + ሳይን ኤች አይደለም። በተጠራጠርሽ ቁጥር አንድ ቁጥር አስገቢና ፈትሺ፤ የ60 ዲግሪ ሳይን 0.866 ነው፣ የ30 ዲግሪው እጥፍ ግን 1 ነው። አጻጻፉንም ለዪ። ሳይን²ኤክስ ማለት ሳይኑ ተወስዶ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ ነው፣ ሳይን(ኤክስ²) ማለት መጀመሪያ ኤክስ በራሱ ተባዝቶ ከዚያ ሳይኑ ሲወሰድ ነው። የቱ ውጪ፣ የቱ ውስጥ እንደሆነ ወዲያው መናገር ካልቻልሽ ቼን ሩል (አንዱ ፈንክሽን ሌላው ውስጥ ሲገባ ዴሪቬቲቩ የሚወጣበት ሕግ) ላይ ትወድቂያለሽ። ሳይን⁻¹ ደግሞ ኢንቨርሱ (አርክሳይን የሚባለው፣ ከሳይኑ ተነስቶ አንግሉን የሚመልሰው) ነው እንጂ 1 ለሳይን ሲካፈል አይደለም።

ስለ ኢኩዌሽን። ካልኩለስ «ፈንክሽኑ ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ የሚሆነው የት ነው?» ባለሽ ቁጥር ዴሪቬቲቩን ከዜሮ ጋር እኩል አድርገሽ መፍታት ይኖርብሻል። ኤክስ + 2 ኮሳይን ኤክስ ቢሰጥሽ ዴሪቬቲቩ 1 − 2 ሳይን ኤክስ ነው፤ ሳይን ኤክስ = 1/2 ላይ ትደርሻለሽ። ካልኩሌተሩ የሚሰጥሽ 0.5236 ብቻ ነው፣ እሱም ፓይ/6 ነው። ከ0 እስከ 2ፓይ ባለው ውስጥ ግን 5ፓይ/6ም መልስ ነው፤ ክቡን ካልሳልሽ ይቀርብሻል። ሁለተኛው ስህተት ማካፈል ነው። ሳይን 2ኤክስ = ሳይን ኤክስ ሲባል ግራውን 2 ሳይን ኤክስ · ኮሳይን ኤክስ ብለሽ በሳይን ኤክስ ካካፈልሽ ኮሳይን ኤክስ = 1/2 ይቀርሻል፤ ፓይ/3 እና 5ፓይ/3 ብለሽ ትጨርሻለሽ። ሳይን ኤክስ ራሱ ዜሮ የሚሆንባቸውን 0 እና ፓይን ግን ጣልሻቸው። ማካፈል ትተሽ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰብስቢና ፋክተር አውጪ። ሦስተኛው፣ ሳይን 2ኤክስ = 1/2 ሲሆን ኤክስ እስከ 2ፓይ ከሄደ 2ኤክስ እስከ 4ፓይ ይሄዳል፤ ስለዚህ መልሶቹ አራት ናቸው፦ ፓይ/12፣ 5ፓይ/12፣ 13ፓይ/12 እና 17ፓይ/12።

ኢንቨርሶቹ አንድ ሳምንት ይበቃቸዋል። ብዙ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሳይን ስላላቸው አርክሳይን አንዱን መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠው ከ−ፓይ/2 እስከ ፓይ/2 ካለው ነው። አርክኮሳይን ከ0 እስከ ፓይ ይመርጣል። በዚህ የተነሳ የ5ፓይ/6ን ሳይን ወስደሽ አርክሳይን ውስጥ ብትመልሽው የምታገኚው ፓይ/6 ነው። ሶካቶዋ የሚመለሰውም እዚህ ጋ ነው። ኮሳይን(አርክታንጀንት ኤክስ) ስንት ነው ቢባል ሦስት ማዕዘን ሳይ፤ ታንጀንቱ ኤክስ ስለሆነ ፊት ለፊት ያለው ጎን ኤክስ፣ አጠገቡ ያለው 1፣ ረጅሙ √(1 + ኤክስ²)። መልሱ 1/√(1 + ኤክስ²) ነው። ካልኩለስ ሁለት ላይ ይህን በብዛት ታገኚዋለሽ።

የሳይንና የኮሳይን ሕጎች የሚባሉትን (ሎው ኦፍ ሳይንስ፣ ሎው ኦፍ ኮሳይንስ) በአንድ ምሽት አንድ ጊዜ አንብቢያቸው። ብዜትን ወደ ድምር የሚለውጡት ፎርሙላዎች ይቆዩ።

«አልጀብራ አያስቸግረኝም» ብለሻል፤ እውነት እንዲሆን እንመኛለን፣ ግን ፈትሽው። ካልኩለስ ውስጥ የሚረግፈው ብዙው ማርክ የአልጀብራ ነው። √(9 + ኤክስ²)ን 3 + ኤክስ ብለሽ የምታውቂ ከሆነ ኤክስን 4 አድርጊና እዪው፤ አንዱ 5፣ ሌላው 7 ይሆናል። ክፍልፋይ ላይ ከተንገዳገድሽ ከ10ሩ ሳምንት አንዱን ለእሱ ለይ፣ ከግራፉ ላይ ቀንሺ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከሥራ መልስ ያለችው 1 ሰዓት በቪዲዮ እንዳታልቅ ተጠንቀቂ። ካን አካዳሚ ጥሩ ነው፣ ኦፕንስታክስ የሚያወጣቸው የፕሪካልኩለስ መጻሕፍትም በነጻ ይወርዳሉ፤ ሰው ሲሠራ ማየት ግን መሥራት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ትናንት ያየሽውን ባዶ ወረቀት ላይ ለማውጣት፣ 40ውን ጥያቄ ለመሥራት፣ የቀረውን 10 ደቂቃ የተሳሳትሽውን ከነምክንያቱ ለመጻፍ አድርጊው። «ረሳሁት» ብለሽ አትጻፊ፤ «በሳይን አካፈልኩ፣ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል አላየሁም» ብለሽ ጻፊ። ቅዳሜ ያንን ደብተር ብቻ ይዘሽ እነዚያኑ ጥያቄዎች እንደገና ሥሪ።

8ኛው ሳምንት ሲያልቅ ራስሽን ፈትኚ፤ ግማሽ ሰዓት፣ ያለ ካልኩሌተር። ታንጀንት 7ፓይ/6 ስንት ነው? የ3 ሳይን 2ኤክስን ግራፍ ሳይ። ከ0 እስከ 2ፓይ 2 ኮሳይን²ኤክስ = ኮሳይን ኤክስን ፍቺ። ኮሳይን²ሀ = (1 + ኮሳይን 2ሀ)/2 መሆኑን ከአምስቱ አውጪ። ታንጀንት(አርክኮሳይን ኤክስ)ን ያለ ትሪጎኖሜትሪ ጻፊ። 1/(ኤክስ + ኤች) − 1/ኤክስን በኤች አካፍለሽ አቅልይ። መልሶቹ በቅደም ተከተል √3/3፤ ከፍታው 3 የሆነ፣ በየፓይው የሚደገም መስመር፤ ፓይ/3፣ ፓይ/2፣ 3ፓይ/2 እና 5ፓይ/3፤ ማውጫው ኮሳይን 2ሀ = 2 ኮሳይን²ሀ − 1፤ √(1 − ኤክስ²)/ኤክስ፤ −1/(ኤክስ(ኤክስ + ኤች)) ናቸው።

ከስድስቱ ጥያቄ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ካገኘሽ ያለ ስጋት ግቢ። ሦስት ወይም አራት ከሆነ ግቢ፣ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የኮሌጁን የሒሳብ ማስጠኛ ማዕከል ተመላለሽበት፤ አብዛኞቹ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለተማሪዎቻቸው በነጻ የሚሰጡት አገልግሎት ነው። ከሦስት በታች ከሆነ ግን ትምህርቱ ሳይጀመር አማካሪሽን አነጋግሪና ወደ ፕሪካልኩለስ ተዛወሪ። አንድ ሴሚስተር ይዘገያል፤ ከምህንድስና ሙሉ መንገድ አንጻር ይህ ትንሽ ነው፣ ትራንስክሪፕት ላይ ከሚቀር ኤፍ ደግሞ በብዙ ይሻላል። የመመዝገቢያና ኮርስ የመቀየሪያ ቀኑ እንዳያልፍብሽ ዛሬውኑ ከኮሌጁ ካላንደር ላይ አይተሽ ጻፊው።